«እኛ በሃይማኖት አንጣላም» ስንል ምን ይዘን ነው?

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። እኛ በሃይማኖት አንጣላም። ደሴ ላይ ጎረቤታችን ሰላት ሲደርስባቸው ቡናውን ትተው ይነሳሉ። እናቴ ጀበናውን ከፍሙ ፈቀቅ አድርጋ ትጠብቃቸዋለች። እሳቸው ሳይመለሱ ቶናው አይቀዳም። ረመዳን ሲገባ ለማፍጠሪያ ከሚሠራው ሳምቡሳ ለእኛም ይደርሰናል። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በሚገጣጠሙባቸው ዓመታት ደግሞ የእኛ በምስር ተሠርቶ ለብቻው ይመጣል። ይህንን እያየ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊያምን ይችላል?

እምነት ስል እዚህ ላይ ጾምና ጸሎቱን ብቻ አይደለም። ሰው ሳይጠራጠር ይዞት የሚኖረውን፣ ሌላውን ነገር ሁሉ የሚመዝንበትን ሐሳብ ነው። እንዲህ ያለ እምነት ሁላችንም አለን። ከሥሩ ምን እንዳለ ግን የምናየው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው እስኪጠይቀን እንጠብቃለን።

እኔን የጠየቀኝ ኮምቦልቻ የምሠራበት ቦታ በቅርብ የተቀጠረ ልጅ ነው። ከሌላ አካባቢ ነው የመጣው። ምሳ ላይ እንደተለመደው ስለ ወሎ ማውራት ጀመርን። ስለ ፍቅሩ፣ ስለ መቻቻሉ፣ ስለ አንድ ማዕዱ። ልጁ በጥሞና ሰማንና «እሺ፣ ግን ለምን?» አለ። «ሌላው አገር ያለውም እኮ ያው ሙስሊምና ክርስቲያን ነው። እናንተ ጋ ምን ቢኖር ነው?» ሊከራከረን አልነበረም። የምሩን ነው። አንዱ «ወሎዬ ሲፈጥረው ደግ ነው» አለው። ሌላዋ «ፍቅር ነዋ!» አለች። እኔም የማውቃቸውን ታሪኮች ደረደርኩለት። ማታ የሐረጎን ዳገት ይዘን ወደ ደሴ ስንወጣ ግን ጥያቄው አብሮኝ ወጣ። ልጁ የጠየቀን ምክንያት ነው። እኛ የሰጠነው ምሳሌ ነው።

ስለ ምሳሌ አንድ የማውቀውን ጥናት ልንገራችሁ። ፒተር ዋሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ነው። ለተማሪዎች ሦስት ቁጥሮች ይሰጣቸዋል። 2፣ 4፣ 6። ቁጥሮቹ የተደረደሩበት አንድ ሕግ አለ፤ ሕጉን ድረሱበት ይላቸዋል። ለመድረስ የራሳቸውን ሦስት ቁጥር እየጻፉ ያቀርቡለታል። እሱ ከሕጉ ጋር ይሄዳል ወይም አይሄድም ብሎ ይመልስላቸዋል። አብዛኛው ሰው ወዲያው «በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው» ብሎ ይነሳል። 8፣ 10፣ 12 ይላል። ይሄዳል ይባላል። 20፣ 22፣ 24 ይላል። ይሄዳል። በቃ አገኘሁት ይላል። ሕጉ ግን ያ አይደለም። ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ ማንኛውም ሦስት ቁጥር ነው። 5፣ 17፣ 90 ብሎ የሞከረ ሰው ይህንን በአንድ ጊዜ ይጠረጥራል። ግን የራሱን ሐሳብ ሊያፈርስ የሚችል ቁጥር የሚሞክር ሰው ጥቂት ነው።

ይህንኑ ቡና ላይ ጎረቤታሞች ተሰብስበን ሞከርነው። አንዷ ልክ እንደተባለው 10፣ 12፣ 14 እያለች ሄደች። ለምን ሌላ ዓይነት እንዳልሞከረች ስጠይቃት «ልክ ነው፣ ልክ ነው እያልሽኝ ለምን ብዬ እቀይራለሁ?» አለችኝ። ይህ መልስ ከጥናቱ በላይ ገባኝ። ልክ ነው የሚለን ሰው እስካለ ድረስ ማንም አይቀይርም። እኔም ስለ ወሎ የደረደርኳቸው ታሪኮች ሁሉ 8፣ 10፣ 12 ናቸው። እውነት ናቸው። ግን እምነቴን አልፈተኑትም። ሊፈትነው የሚችለው «በሃይማኖት የምንጣላ ሰዎች ብንሆን ኖሮ ምን ይታይ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ያ ነገር ታይቶ ያውቃል ወይ?

ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ፣ ያውም በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ፣ በተነሳ ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል። ልቤን የሚያደማኝ እዚያ ያሉ ሰዎችም እንደ እኛው ይሉ የነበረ መሆኑ ነው። አብረን በልተን አብረን ጠጥተን ነው ያደግነው ይሉ ነበር። ውሸታቸውን አልነበረም። ስለዚህ አብሮ ማደግ ብቻውን ዋስትና አይደለም። እዚያ ያልበቃው ነገር እዚህ ለምን ይበቃል?

ቀጥሎ ያየሁት የራሳችንን ታሪክ ነው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ቦታውን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ግን አጼ ዮሐንስ 4ኛ ትልቅ ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል። በመጀመሪያ የተከራከሩት ክርስቲያኖቹ እርስ በርሳቸው ናቸው። ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተረታ፣ ተወገዘ። ከዚያ ነገሩ ወደ ሙስሊሙ ዞረ። የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ ይጠመቁ ወይ ሹመታቸውን ይልቀቁ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁ። ሚካኤል ተባሉ። የክርስትና አባታቸው አጼ ዮሐንስ ራሳቸው ሆኑ። ሌላው የወሎ ገዥ አባ ዋጠውም ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ። እሳቸውን ክርስትና ያነሷቸው ምኒልክ ናቸው።

ግፊቱ በሹማምንቱ አላበቃም። ሕዝቡ ላይም ወረደ። ሼኽ ጦልሃ ሕዝብ ይዘው አመጹ። የተሰደደው ተሰደደ። የቀረውም ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በእናቴ በኩል የአያቴ አያት ከእነዚህ አንዱ እንደነበሩ በቤታችን ይነገራል። ማተብ አሰሩ፣ ስማቸው ተለወጠ፣ ሲመሽ ግን በር ዘግተው ይሰግዱ ነበር። አያቴ ይህንን ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። መቶ ዓመት ያለፈውን ነገር ለምን በሹክሹክታ እንደምታወራው ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር።

ደሴን ከተማ ያደረጓት፣ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል እንግዲህ እኒያው መሐመድ አሊ ናቸው። ስለ አዳራሹ ሲነገረን ሀብታሙም ድሃውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚስተናገድበት ነበር ተብለን ነው። የጌታው የመጀመሪያ ስም ግን እዚያ ላይ ብዙም አይነሳም። ታሪኩ ደግሞ በዚህ አያበቃም። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር። አባት ካልተጠመቅህ አትሾምም ተባሉ። ልጅ ወደ እስልምና አዘነበልክ ተብለው ተሻሩ። አባት ለልጃቸው ሊዋጉ ዘምተው በዚያው ዓመት ጥቅምት ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ቤተሰብ ላይ ነው። የእኛው የወሎ ቤተሰብ ነው።

ይህንን አጥርቼ ካወቅሁ በኋላ «ወሎዬ ሲፈጥረው ነው» የሚለው መልስ አልቆም አለኝ። ሲፈጥረው ከሆነ በ1870ም ያው ሕዝብ ነበረ። የእምነት ነገር እዚህ ምድር ላይ በአዋጅ ተወስኗል፤ ደም ፈሶበታል። ታዲያ ከዚያ ወዲህ አብረን የኖርነው ምን ይዘን ነው?

ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ ሥር ቤት የሠራ ሰው መሬቱ እንደሚንሸራተት ያውቃል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ቤቱን ጥሎ አይሄድም፤ ስንጥቁን በጭቃ ለስኖም አይተኛም። ቆፍሮ መሠረቱን ያያል። እኔም እምነቴን ልጥለው አልፈለግሁም። ለስኜ ማለፉንም አልፈለግሁም።

ስቆፍር መጀመሪያ ያገኘሁት ሠርግ ቤት ነው። የእኛ አገር ሠርግ ላይ ሁለት ወጥ ቤት አለ። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ይጠራል። ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፣ ሳህኑ ይለያል። የሚሠሩትም ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ሙስሊም ሲደግስም እንዲሁ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ የመቻቻላችን ጉድለት ይመስለኝ ነበር። ፍቅር ካለ ለምን ሥጋው ይለያል እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ያንን ሁለተኛ ድስት ለመጣድ ገንዘብ ይወጣል። በሬ ወይም በግ ለብቻ ይገዛል። ለሌላ ሰው እምነት፣ እኔ ራሴ ለማላምንበት ነገር፣ ከኪሴ አወጣለሁ ማለት ነው። እንግዳው ሲመጣ «ምን ችግር አለው፣ ያው ሥጋ ነው» አይባልም። የእሱ ሃይማኖት ከምር ነው የሚወሰደው። መቻቻል ልዩነትን ችላ ማለት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ወሎ ላይ የማየው ተቃራኒውን ነው። ልዩነቱን ሁሉም አጥርቶ ያውቀዋል። ማን ምን እንደማይበላ፣ ማን መቼ እንደሚጾም፣ ማን መቼ እንደሚሰግድ ያውቃል። አውቆም ይጠነቀቅለታል።

ሁለተኛው ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው። ሰፈራችን ቅሬ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን አብረው ይተክላሉ። ሟች ክርስቲያን ከሆነ ሙስሊሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሸኛል። ሟች ሙስሊም ከሆነ ክርስቲያኑ ጀናዛውን ተከትሎ እስከ መቃብሩ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ሟችን ወደድከው አልወደድከው አትጠየቅም። ከቤተሰቡ ጋር ተኳርፈህ ሊሆን ይችላል። ትሄዳለህ። ኩርፊያም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ዝምድና ነው። አዋጁ አንዱን ወንድም ክርስቲያን፣ ሌላውን ሙስሊም አድርጎ ሲተው ወንድማማችነቱን አላጠፋውም። በኋላ ግፊቱ ሲላላ የተመለሰው ተመለሰ፣ የቀረው ቀረ። በጋብቻ ደግሞ እንደገና ተደባለቀ። የብዙ ወሎዬ የዘር ቆጠራ ሦስትና አራት ትውልድ ወደ ላይ ሲወጣ መሐመድም ወልደ ማርያምም ይገኝበታል። እኔ የማላውቀውን ሙስሊም ስጠላ የአክስቴን ልጅ ጨምሬ መጥላት ግድ ይሆንብኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ እምነቴ አሁንም አለ። በሃይማኖት አንጣላም ስባል አዎ እላለሁ። ግን ያቆመው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ደግነት ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ያገኘሁት ሥራ ነው። ወጪ ነው፣ ደንብ ነው፣ ቅጣት ነው፣ ከቁስል በኋላ የተበጀ የኑሮ ዘዴ ነው። ሰዎቹ ደጎች አይደሉም ማለቴ አይደለም። ደግነታቸው ብቻውን አልተተወም ማለቴ ነው።

አንድ ነገር በዚህ መንገድ ካየሁ በኋላ ሌሎቹንም ማየት ጀመርኩ። አንዳንዱ ቶሎ አለቀ። ለምሳሌ «ሰው ማንነቱ በክፉ ቀን ይለያል» የሚለውን አምን ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ መሀል ሲገቡ የሆነውን ያየ ሰው ይህ አባባል ብዙ እንደማያስኬድ ያውቃል። የተሰደደ ጎረቤቱን ቤት ቁልፍ ተቀብሎ አንድ ማንኪያ ሳይጎድል የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። ያው ሰው ሌላ ቤት ሲዘረፍ ቆሞ አይቷል። የቱ ነው ማንነቱ? ይህንን እምነት ትቼዋለሁ።

የከበደኝ ከአያቴ የወረስኩት ነው።

አያቴ አቡነ ዘበሰማያትን ያስተማረችኝ ሴት ናት። ለተቸገረ ከጉሮሮዋ ቀንሳ የምትሰጥ ነበረች። እሷን ማመን ለእኔ እንደ መተንፈስ ነው። ያቺው አያቴ ሰኞ ገበያ ስትወስደኝ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ጋ ስንደርስ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ቡዳ ናቸው ብላ። በእነሱ ፊት አታስበላኝም። ጀበናውን ግን ትገዛለች፤ ተደራድራ፣ ጥሩውን መርጣ። ቤት ሲመጣ በዚያ ጀበና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠጣል። ጀበናውን የሠራችው ሴት ግን አንድም ቀን ከዚያ ቡና አልተጠራችም። ስለ ወሎ ፍቅር ስናወራ ይህንን እንዘለዋለን። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው ከአንድ ማዕዳችን ውጪ ነበር። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ነጠላው ግን እኔ ልጅ ሆኜም ይሸፍን ነበር።

ጸሎቱም ቡዳውም የመጡልኝ ከአንድ አፍ ነው። ሁለቱም የቆሙት በአያቴ ላይ ባለኝ እምነት ነው። ታዲያ አንዱን ይዤ ሌላውን የምጥለው በምን መብት ነው? «ያ ኋላቀር ነው፣ ይሄ ሃይማኖት ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ደስ ያለኝን መምረጥ ነው።

ብዙ ቀን ሳሰላስለው የቆየሁት ይህንን ነው። ሰው የነገረንን ማመን ራሱ ነውር አይደለም። ከምናውቀው አብዛኛው ሰው የነገረን ነው። የተወለድኩበትን ቀን እኔ አላስታውሰውም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር አልለካሁም፤ የለኩ ሰዎችን አምኜ ነው። ሁሉን ራሴ ካላረጋገጥኩ አላምንም የሚል ሰው ከቤቱ መውጣት አይችልም። ግን እናቴ ስወለድ እዚያ ነበረች። ፀሐይን ያጠኑት ሰዎች እንዴት እንደለኩት ይናገራሉ፤ ሌላው ሊደግመው ይችላል። አያቴ ስለዚያች ሸክላ ሠሪ ስትነግረኝ የት ነበረች? ምን አይታ ነበር? ስሟን እንኳ አታውቅም ነበር። እሷም ከእናቷ ሰምታ ነው፤ እናቷም ከሌላ። አያቴ በሕይወት ስለሌለች አክስቴን ጠየቅኋት። «ሰው ሲበሉ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ኧረ እኔ ምን አይቼ፣ ሲባል የሰማሁትን ነው» አለችኝ።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ስመረምር «ከማን ሰማሁት?» በሚለው አላቆምም። «እሱስ በምን አወቀው?» እላለሁ። የሚወደድ ሰው፣ የሚታመን ሰው፣ ጻድቅ ሰው እንኳ ሁሉን ነገር በእኩል አያውቅም። አያቴ ስለ ይቅርታ የነገረችኝን ኖራበታለች። ከገዛ ወንድሟ ጋር በመሬት ተጣልታ ዓመታት ከተኳረፉ በኋላ ራሷ ሄዳ ደጁን አንኳኩታ ታርቃለች። ስለ ይቅርታ ስትናገር ምስክር ናት። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ስትናገር ግን ወሬ አቀባይ ብቻ ነበረች። ይህንን መለየት አያቴን መናቅ አይደለም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የበለጠ ገብታኛለች።

የእግዚአብሔርን ነገርስ? ይህንን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ግን እዚህ ድረስ ቆፍሬ እዚህ ላይ ብዘልል ሐቀኛ አልሆንም።

ኢማም አል-ገዛሊ፣ ታላቁ የእስልምና ሊቅ፣ በወጣትነታቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ሆኖ ያድጋል። እንዲህ ከሆነ እኔ የያዝኩት በወላጆቼ ነው ወይስ በእውነቱ? ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ወደ ጥልቅ ጥርጣሬ ወሰዳቸው። ለሁለት ወር ያህል ምንም ነገር እርግጠኛ መሆን አቅቷቸው ነበር። የወጡትም ማስረጃ ደርድረው አይደለም፤ እግዚአብሔር በልቤ ብርሃን ጣለልኝ ነው ያሉት። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1095 በባግዳድ ያላቸውን ትልቅ የመምህርነት ወንበር ትተው ሄደዋል።

የእሳቸው ጥያቄ ለወሎ ሰው ሩቅ አይደለም። በእኔና በጎረቤቴ ልጅ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው። በዚያኛው በኩል ብወለድ ዛሬ አርብ ሲሆን ፊቴ ወደ ሸዋ በር መስጊድ ነው። የአያቴ አያት በር ዘግተው መስገዳቸውን ይዘው ቢገፉበት ኖሮም እንዲሁ። የክርስትናዬ አንዱ ሥር ቦሩ ሜዳ ላይ ያለ አዋጅ ነው። ይህንን ሳስብ የሚሰማኝን መደበቅ አልፈልግም። ያስፈራል። መሬቱ ከእግሬ ሥር የተነሳ ይመስለኛል።

አሁንም ግን እጸልያለሁ። የያዝኩትን ግን ለይቼ ይዤዋለሁ። አንዳንዱን ኖሬበታለሁ። መጸለይ እኔን ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ፤ ይህንን የምለው ሰምቼ አይደለም። ይቅር ማለት የሚያደርገውን አይቻለሁ። ሌላው ግን እኔ ልመዝነው ከምችለው በላይ ነው። እሱን በአደራ ነው የያዝኩት። አንድ ሰው «ይህንን በምን አወቅሽ?» ቢለኝ «ተቀብዬው ነው» እለዋለሁ። መጽሐፉ ስለሚል እውነት ነው፣ እውነት ስለሆነም መጽሐፉ ይላል እያልኩ አላዞረውም። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም፤ ገዛሊም ቆመዋል። የቆምኩበትን ቦታ መናገር ግን እችላለሁ። እንደ እሳቸው ብርሃን በራልኝ ማለት አልችልም። አልበራልኝምና።

ጎረቤቴ ይህንን ስነግራት አልደነገጠችም። «እኔም እኮ የያዝኩት የእናቴን ነው» አለችኝ። «አብሽሪ፣ አላህ ልብሽን ያያል።» ከዚያ ስለ ሁለታችን አያቶች ስናወራ መሸ። የእሷም አያት በሸክላ ሠሪዎች ፊት ታበላት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ምርመራ አንድ ጭንቀት ትቶልኛል። አብሮነታችን የቆመው በደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ብቀመጥ ምንም አይሆንም ነበር። ደግነት ከደም ጋር ይወረሳል እል ነበር። በሥራ የቆመ ከሆነ ግን ሥራው ሲቀር እሱም ይቀራል። ሥራው ደግሞ እየቀረ ነው። የእኛ ሰፈር ወጣቶች የቅሬውን መዋጮ በሞባይል ይልካሉ፤ ቀብር ላይ አይታዩም። ኮንዶሚኒየም የገቡት ጎረቤታቸውን በስም አያውቁትም። ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ሥራ የመጡት ልጆች አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ የየትኛውም ቅሬ አባል አይደሉም። ከእነሱ አንዱ ቢሞት ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚሸኝ ማነው? ሠርግም ወደ አዳራሽ እየገባ ነው። ሁለተኛው ድስት አሁን በምግብ አዘጋጁ ዋጋ ዝርዝር ላይ ያለ አንድ መስመር ሆኗል። ከጎረቤት ሴቶች ጋር አብሮ አድሮ ማብሰሉ ቀርቷል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ተከራዮች በአነስተኛ መዋጮ አባል እንዲሆኑ ነው። የቅሬው ዳኛ እንደማይወዱት አውቃለሁ። «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ደንቡ ለነዋሪ ነው» ይላሉ። ደንቡን እኛው እንዳወጣነው፣ እኛው ልናሻሽለው እንደምንችል እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛው ከሰፈራችን በታች በኩል ያሉት፣ ሸክላ በመሥራት የሚታወቁት ቤተሰቦች ናቸው። እስከ ዛሬ ማንም አባል ሁኑ አላላቸውም፤ እነሱም አልጠየቁም። ጎረቤቴ ይህኛውን ከእኔ ጋር እደግፋለሁ ብላኛለች። ስብሰባው ሳይደርስ ግን እነሱኑ መጠየቅ አለብን፤ ይፈልጉ እንደሆነ እንኳ አናውቅም። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ አብረን ቤታቸው እንሄዳለን።